ታብሌቱ ለመምህሩ፣ የታተመው መጽሐፍ ለልጁ

አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል ከጀመረ ወዲህ፣ «መጽሐፉ መጣ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ ወላጅ በብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው መልስ «ሶፍት ኮፒው በቴሌግራም ተለቋል» የሚል ሆኗል። ኅትመቱ ሲዘገይ ፋይሉ ቀድሞ መድረሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ መምህሩ ባዶ እጁን ክፍል ከመግባት ይድናል፣ አቅም ያለው ወላጅም በየፎቶ ኮፒ ቤቱ አሳትሞ ለልጁ ይሰጣል። የሚያሳስበው ይህ የችግር ጊዜ መላ ቀስ በቀስ በኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ እንደ ማስተማር መቆጠሩ፣ የፋይሉ መለቀቅም መጽሐፉ ለተማሪው እንደ ደረሰ ተደርጎ መወሰዱ ነው። በእኔ እምነት የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ በአንደኛ ደረጃ ክፍሎቻችን ትልቅ ሥራ ሊሠራ ይችላል፤ ነገር ግን ይህን የሚያደርገው የመማሪያ መጽሐፉን ተክቶ ልጁ እጅ ሲገባ ሳይሆን፣ አጋዥ የንባብ መጽሐፍ ሆኖ መምህሩ እጅ ሲገባ ነው።

አንድ የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ገጽ በስልክ ሲከፈት ምን እንደሚመስል ልብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። ገጹ የተዘጋጀው ለሰፊ ወረቀት ነው፤ ከላይ ሥዕል፣ ከሥሩ አጭር ምንባብ፣ ከምንባቡ ቀጥሎ ጥያቄዎች አሉት። ፋይሉ የሚለቀቅበት ፒዲኤፍ ገጹን እንዳለ የሚያሳይ በመሆኑ ጽሑፉ ከስክሪኑ ስፋት ጋር አይስማማም፤ ሙሉው ገጽ ሲታይ ፊደሉ ደቅቆ አይነበብም፣ በሁለት ጣት ሲሰፋ ደግሞ የመሥመሩ ግማሽ ከስክሪኑ ውጭ ይቀራል። ልጁ መሥመሩን ለመጨረስ ገጹን ወደ ግራ ይጎትታል፣ ቀጣዩን መሥመር ለመጀመር መልሶ ወደ ቀኝ ይገፋል፣ በዚህ መሐል የት እንደነበረ ይጠፋዋል። የእኛ ሆሄያት ደግሞ እርስ በርስ የሚለያዩት በጥቃቅን ቅጥያዎች ነው፤ ሉን ከሊ፣ ቡን ከቢ የሚለየው አንዲት አጭር ጭረት ከወገቡ ወይም ከግርጌው መውጣቷ ብቻ ነው። አቀላጥፎ የሚያነብ አዋቂ ፊደሉ ቢደበዝዝበት እንኳ ከዐረፍተ ነገሩ ገምቶ ያልፈዋል፤ ገና ፊደል የሚለይ የሰባት ዓመት ልጅ ግን የሚገምትበት ነገር የለውም። ይህም የሚሆነው ስልኩ ቤት ውስጥ ሲኖር፣ ባትሪው ካላለቀ፣ አባት ወይም እናት ይዘውት ካልወጡና አንዱን ስልክ የሚጠብቁ ሌሎች ልጆች ከሌሉ ነው።

ነገሩ ቀላል የማይሆነው የንባብ ችግራችን ጥልቅ ስለሆነ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት የሀገራችን ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች መካከል 34 በመቶዎቹ ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። ከዚያ ወዲህ በአፍ መፍቻ ቋንቋ የንባብ ትምህርትን ለማሻሻል አዳዲስ መጻሕፍት ተዘጋጅተዋል፣ መምህራንም ሠልጥነዋል፤ ያም ሆኖ የዓለም ባንክ ግምት ዛሬም በሀገራችን ዐሥር ዓመት ከሞላቸው ከዐሥር ልጆች ዘጠኙ ያህል ለዕድሜያቸው የሚመጥን ቀላል ጽሑፍ አንብበው እንደማይረዱ ያሳያል። እዚህ ደረጃ ላይ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው በጣቱ እየተከተለ የሚያነበው፣ ሌሊት በኩራዝም ቢሆን የሚገልጠው፣ ታናሽ እኅቱም የምትወርሰው የራሱ መጽሐፍ ነው።

ጥናቶቹም ይህን ልዩነት ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ አንድ ሰፊ ትንተና ከአንድ እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜ ባላቸው 1,812 ልጆች ላይ የተሠሩ 39 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምሮ ነበር። የኤሌክትሮኒኩ መጽሐፍ የታተመው ግልባጭ ብቻ ሲሆን ልጆቹ ታሪኩን የተሻለ የተረዱት ከወረቀት ነው። ይሁንና በኤሌክትሮኒኩ መጽሐፍ ውስጥ የተጨመረው ነገር ልጁን ወደ ታሪኩ የሚመልስ ከሆነ፣ ለምሳሌ ለታሪኩ መረዳት የሚያስፈልገውን ነገር በሥዕሉ ላይ የሚያመለክት ወይም ዳራውን የሚያስረዳ ሲሆን፣ ውጤቱ ተገልብጦ ኤሌክትሮኒኩ ይበልጣል። እንግዲህ እኛ በቴሌግራም የምንለዋወጠው ፒዲኤፍ የትኛው ጎራ ውስጥ እንደሚወድቅ ማንም ያውቀዋል። ወረቀት የማይሰጠውን አንድ ነገር እንኳ ሳይጨምር የወረቀቱን ምቾት የሚቀንስ ግልባጭ ነው።

ወረቀት የማይሰጠው ነገር ግን አለ፤ ከሁሉ በላይ ድምፅ። በአማርኛ አጻጻፍ የሚጠብቀውና የሚላላው ድምፅ ተለይቶ ስለማይጻፍ፣ ጀማሪ አንባቢ ፊደሎቹን አንድ በአንድ በትክክል ጠርቶ እንኳ ቃሉን ሊስተው ይችላል። ጥሩ አንባቢ የቀዳው ድምፅ ያለው፣ የሚነበበውም ቃል በተራው ቀለሙ የሚለወጥ መጽሐፍ ለዚህ ዐይነቱ ችግር ሁነኛ መድኃኒት ነው። አማርኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ፣ ቋንቋውን እንደ ሁለተኛ ቋንቋ ለሚማር ልጅና ከሌላ አካባቢ ተመድቦ ለሚያስተምር መምህር ደግሞ ጥቅሙ እጥፍ ነው። በየክልሉ የንባብ መጽሐፍ ሲዘጋጅ ድምፁ አብሮ ቢቀዳ ከኅትመቱ ወጪ ጋር ሲነጻጸር እዚህ ግባ የሚባል ተጨማሪ ወጪ አይኖረውም።

«ታዲያ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ታብሌት ቢሰጠውስ?» የሚለው ሐሳብ ለጋስ ሐሳብ ነው፤ ተሞክሮውን ግን በቅጡ እንመርምረው። በሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 ገደማ የመማሪያ መጻሕፍት የተጫኑባቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ ላፕቶፖች ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ታድለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ደግሞ ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው የገጠር ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶች ያለ አስተማሪ ተሰጡ፤ ልጆቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ መሣሪያውን ከፍተው መጠቀም መጀመራቸው፣ በወራት ውስጥም የተዘጋውን ካሜራ ማሠራታቸው በዓለም መገናኛ ብዙኃን ብዙ ተባለለት። የልጆቹ ብልህነት እውነት ነው፣ ያኮራልም። ነገር ግን በታብሌቶቹ ላይ የተጫነው በእንግሊዝኛ ነበር፤ መሣሪያ መክፈትና በራስ ቋንቋ የተጻፈን ታሪክ አንብቦ መረዳትም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በፔሩ በ319 የገጠር ትምህርት ቤቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት ለልጆቹ ላፕቶፕ መታደሉ በቋንቋም ሆነ በሒሳብ ውጤታቸው ላይ ለውጥ እንዳላመጣ አሳይቷል። በጋና እ.ኤ.አ. በ2010 በተጀመረው የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ሙከራ ደግሞ ተማሪዎች ማንበቡን ቢወዱትም፣ ከመሣሪያዎቹ 40 በመቶ ገደማ የሚሆኑት በአጭር ጊዜ ተበላሽተዋል። ኋላ ላይ መሣሪያውን ማጠንከር ተችሏል፤ የተሰበረ ስክሪን የሚጠግን በሌለበት ወረዳ ግን ይህን አኃዝ ንቆ ማለፍ አይገባም።

ከሁሉም በላይ ለእኛ የሚቀርበው የጎረቤታችን የኬንያ ተሞክሮ ነው። በኪሱሙ በተካሄደ ጥናት የንባብ ትምህርቱ ፕሮግራም አንድ ሆኖ፣ በአንደኛው ወገን ታብሌት ለትምህርት ሱፐርቫይዘሮች፣ በሁለተኛው ለመምህራን፣ በሦስተኛው ደግሞ ኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ለተማሪዎች ተሰጠ። ሦስቱም ከተለመደው አሠራር የተሻለ ውጤት አስገኙ፤ እርስ በርሳቸው ሲወዳደሩ ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ለተማሪዎች የተሰጠው መሣሪያ ግን ከሁሉም የበለጠ ወጪ ስለጠየቀ፣ ወጪውና ውጤቱ ሲመዛዘኑ አዋጭነቱ ዝቅተኛው ሆነ። ለውጡን ያመጣው በደንብ የተዘጋጀው መጽሐፍ፣ የመምህሩ መምሪያና የሱፐርቫይዘሩ ክትትል ነበር። ገንዘቧ ውሱን የሆነች ሀገር ከዚህ የምትወስደው ትምህርት ግልጽ ይመስለኛል።

መምህሩን ወደ ጎን የገፋ ቴክኖሎጂ ምን እንደሚያስከትል እኛም ለማወቅ ሩቅ አንሄድም። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው የፕላዝማ ትምህርት በእንግሊዝኛ በፍጥነት የሚነጉድ፣ ተማሪው አልገባኝም ቢል የማይቆምለት ነበር፤ መምህሩም በገዛ ክፍሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ከፋችና ዘጊ ሆኖ ቆየ። ብዙዎቹ ስክሪኖች ሲበላሹ ጠጋኝ አላገኙም። ያ ልምድ የመምህራንን ክብር ምን ያህል እንደነካ በዘመኑ ያስተማሩ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ በትንንሾቹ ልጆች ክፍል ሊደገም አይገባውም።

መምህሩ እጅ ያለች አንዲት ታብሌት ግን ሌላ ነገር ናት። ስልሳና ሰባ ልጆች ባሉበት ክፍል የሚያስተምር የሁለተኛ ክፍል መምህር ዛሬ ከመማሪያ መጽሐፉ ሌላ ለልጆቹ የሚያነብላቸው ታሪክ የለውም፤ ከአንድ መማሪያ ክፍል ወደ ሌላው የሚተላለፍ አንድ የተረት መጽሐፍ ያለው ትምህርት ቤት እንኳ ዕድለኛ ነው። በታብሌቷ ላይ ያለ ኢንተርኔት የሚከፈቱ ሁለትና ሦስት መቶ አጫጭር የልጆች መጻሕፍት ቢጫኑለት፣ ማታ ቤቱ አንዱን መርጦ ያነባል፤ ጠዋት አምስት አዳዲስ ቃላት ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያስተዋውቃል፤ ከዚያ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ ሥዕሉን ለየረድፉ እያሳየ ታሪኩን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ገጹን ከመግለጡ በፊት ቆም ብሎ «ቀጥሎ ምን የሚሆን ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቃል። በማግስቱ ልጆቹ ከታሪኩ የተወሰደ አንድ አንቀጽ ከሰሌዳ ላይ ራሳቸው ያነባሉ። ሐያ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። አንዲትን ታብሌት መብራት በሌለበት ቀበሌ በአነስተኛ ሶላር መሙላት ይቻላል፤ ስልሳ ታብሌቶችን መሙላት ግን አይቻልም።

መጻሕፍቱም ከባዶ የሚጀመሩ አይደሉም። ከደቡብ አፍሪካ የተነሣው አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ የሕንዱ ስቶሪዊቨር እና በኖርዌይ ድጋፍ የተቋቋመው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ ማንም እንዲያወርዳቸው፣ እንዲተረጉማቸውና እንዲያትማቸው የተፈቀዱ የልጆች መጻሕፍት አሏቸው፤ አማርኛና ሌሎች የሀገራችን ቋንቋዎችም ይገኙባቸዋል። ጥራታቸው እኩል እንዳልሆነ መታወቅ አለበት፤ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ተመልሰው ለልጅ ጆሮ የሚጎረብጡ አሉ። ስለዚህ የክልል ትምህርት ቢሮ ባለሙያዎች መርጠው፣ አርመውና በክፍል ደረጃ ለይተው በሚሞሪ ካርድ፣ ተቀራራቢ ትምህርት ቤቶች ለሚሰባሰቡበት ለየጉድኝት ማዕከሉ ቢያደርሷቸው መምህሩ ፍለጋ አይንከራተትም፣ ልጁም የተበላሸ አማርኛ አይማርም።

የኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ተናጋሪያቸው አነስተኛ ለሆኑ ቋንቋዎች ይመስለኛል። በአማራ ክልል በአዊኛና በኽምጣና የሚማሩ ልጆች አሉ፤ ለእነርሱ ኅብረ ቀለም የተረት መጽሐፍ በጥቂት ቅጂ ማሳተም ለአሳታሚ ኪሳራ ስለሆነ ገበያው እስከ ዛሬ አልደረሰላቸውም። አንድ ጊዜ በሥዕል የተዘጋጀ መጽሐፍ ግን ጽሑፉ ብቻ ተለውጦ በሁሉም ቋንቋ ሊወጣ ይችላል። የሰቆጣ ልጅ በራሱ ቋንቋ አንድ መቶ ታሪኮች የሚሰማበት ቀን ሊቀርብ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው፤ ይህን ዕድል በቸልታ ማሳለፍ ይቆጨናል።

ስዊድን እንኳ፣ መሣሪያም መብራትም ያልጎደላት ሀገር፣ በታችኛ ክፍሎች ወደ ታተመ መጽሐፍ ለመመለስ ወስና እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ ለመጽሐፍ ግዢ 685 ሚሊዮን ክሮነር መድባለች። እኛ ከመጽሐፍ ጠግበን ወደ ስክሪን የሄድን አይደለንም፤ መጽሐፉ ገና አልደረሰንም።

ስለዚህ ለትምህርት ሚኒስቴርና ለክልል ትምህርት ቢሮዎች የማቀርበው ጥያቄ ውስብስብ አይደለም። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል የታተመ መማሪያ መጽሐፍ ለእያንዳንዱ ልጅ የማድረሱ ግዴታ በምንም ፋይል አይተካ። በዓመቱ መጨረሻ በሚቀርቡ ሪፖርቶች «ተሰራጭቷል» የሚለው ቃል ታትሞ ተማሪው እጅ የገባውን መጽሐፍ ብቻ ይግለጽ፤ በድረ ገጽና በቴሌግራም የተለቀቀው በሌላ ዓምድ ይመዝገብ፤ የምክር ቤት አባላትም የበጀት ጥያቄ ሲያነሡ ሁለቱን ለይተው ይጠይቁ። በሕዝብ ገንዘብ የሚዘጋጁ የንባብ መጻሕፍት ከፒዲኤፉ ሌላ ፊደሉ ከስልክ ስፋት ጋር በሚስማማ ፋይልና በድምፅ ይውጡ፤ ማንም መምህር ያለ ፈቃድ ጥየቃ ሊያባዛቸውና ወደ አካባቢው ቋንቋ ሊተረጉማቸው እንደሚችልም በሽፋናቸው ላይ ይጻፍ። ለታብሌት የሚመደብ ገንዘብ ካለ ደግሞ መጀመሪያ የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል መምህራን ያግኙት፤ ከግዢው ጋርም ለሥልጠናና ለጥገና የሚሆነው ገንዘብ አብሮ ይያዝ።