ደሴ ተቀምጦ በርገን መሳፈር

ኮምቦልቻ ላይ ሐዲድ አለ። ከአዋሽ ተነስቶ ሐራ ገበያ የሚዘልቀው፣ ሥራው እ.ኤ.አ. በ2015 የተጀመረው፣ 390 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው መስመር። ተሳፋሪ የሚያመላልስበት ባቡር ግን ስለሌለ ወሎዬ አምሮቱን የሚወጣው በሰው አገር ባቡር ነው፤ ያውም መጅሊሱ ላይ ጋደም ብሎ፣ በቴሌቪዥን።

ለጀማሪ የምትመከረው ከበርገን ኦስሎ የምትሄደዋ ናት። የኖርዌይ ቴሌቪዥን እ.ኤ.አ. በ2009 ካሜራ ባቡሯ ግንባር ላይ ገጥሞ፣ ከሰባት ሰዓት በላይ የሚፈጀውን መንገድ ከመነሻ እስከ መድረሻ አሳየ። የሳይቤሪያው ይቆይ። 9,288 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጎግል ከሩሲያ ምድር ባቡር ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ያቀረበው ቪዲዮ 150 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እሱን ለመጨረስ ወይ ጡረታ መውጣት ወይ እግር መሰበር ያስፈልጋል።

ትኬቱ ዳታ ነው። በ480 ጥራት ሰዓቱ ግማሽ ጊጋ ገደማ ይበላል። ጥራቱ «አውቶ» ላይ ከተተወ ግን ኔትወርኩ ደህና በሆነ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣና ፓኬጁ ኦስሎ ሳይደርስ ያልቃል። ስለዚህ ሌሊት በደህና ጥራት አውርዶ በፍላሽ ማየት ይሻላል።

ፍላሹ ላይ ብዙ ቤት ይጣላል። 32 ጊጋ ባዶ ቦታ እያለው «ፋይሉ ትልቅ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሻጩ አይሰደብ፤ የፍላሹ ፎርማት፣ ማለትም ፋይል የሚያስቀምጥበት ስልት፣ ፋት32 ሆኖ ነው፣ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋ የበለጠ አንድ ፋይል አይሸከምም። ፎርማት ተደርጎ ኤክስፋት ወደሚባለው ቢቀየር ይቀበላል፤ ግን የቆየ ቴሌቪዥን ኤክስፋትን ላያውቀው ይችላል። ያኔ ቪዲዮውን ሁለት ሦስት ቦታ መቁረጥ ነው። ፎርማት ማድረግ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ፣ የእህት ሰርግ እዚያው ላይ ይኑር አይኑር አስቀድሞ ይጠየቅ።

ከዚያ ረከቦቱ ይቀርባል፣ ባቡሯ ትነሳለች።

የመጀመሪያው ቅሬታ ከእማማ ይመጣል። ባቡሯ ጣቢያ ላይ ቆማ በሯን ትከፍታለች፣ ሁለት ሰው ይገባል፣ ትዘጋለች።

«ሳይሞላ ወጣ?»

«ሰዓቱ ደርሶ ነው፣ እማማ።»

«ረዳቱስ? አንድ ሰው ቀረኝ አይልም?»

ይኼን ለማስረዳት ጊዜ ማባከን አያስፈልግም፤ ማንም አያምንም።

ሁለተኛው ክርክር ስለ ተራራው ነው። ባቡሯ ነጭ በረዶ ውስጥ ገብታ የመስመሩ ጣሪያ ላይ ስትደርስ ከፍታው 1,237 ሜትር ነው። ደሴ ከ2,400 በላይ ላይ የተቀመጠ ሰው ይኼን ሲሰማ ሲኒውን ያስቀምጣል። ሐረጎን ጠምዘዝ ጠምዘዝ ብለው ለሙቀት የሚወርዱባት ኮምቦልቻ እንኳ ከ1,800 በላይ ናት! በረዶው የመጣው አገሩ ወደ ሰሜን ዋልታ ስለተጠጋ እንጂ ከከፍታው አይደለም ቢባል፣ «ታዲያ ምኑን ተራራ አሉት?» ይላል ጋሼ፣ ጦሳን በመስኮት እያሳየ።

ዋናው ችግር ግን ዋሻው ነው። መስመሩ 182 ዋሻ አለው፤ ትልቁ 10 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ስክሪኑ ጥቁር ባለ ቁጥር የቤቱ ሰው ሁሉ ቀና ብሎ አምፖሉን ያያል። አንዱ ለሻማ ይነሳል፣ ሌላው ስልኩን ያበራል፣ «አብሽሩ፣ ዋሻ ነው» የሚል ሰው ያስፈልጋል። አርባኛው ዋሻ ላይ ሁሉም ይለምደዋል፤ ጨለማ ሲመጣ ዝም ብሎ ፉት ማለት ነው።

መብራት የሚሄደው ያኔ ነው። ማንም አይነሳም። ቶናው ይዞራል፣ በረካው «ጀባ» ይባላል፣ «ጀባታ» ይመለሳል፣ ፍሙ አመድ ይለብሳል።

«ይኼስ ረዘመ» ይላሉ እማማ በጨለማው ውስጥ።