ግንድ ጎታቾቹን «አሊጌተር» ጀልባዎች ከሐይቃቸው አታውጧቸው

በካናዳ ኦንታሪዮ፣ በአልጎንኩዊን ፓርክ ውስጥ፣ በታንኳ ብቻ በሚደረስባቸው በበርንትሩትና በካትፊሽ ሐይቆች ዳር የዛገ ብረት ተጋድሞ ይታያል። ድሮ ግንድ ይጎትቱ የነበሩ፣ «አሊጌተር» የተባሉ የእንጨት ጀልባዎች ቅሪት ነው። እንዲህ ያለ ቅሪት በታየ ቁጥር «አውጥተን ሙዚየም እናስገባው» የሚል ሐሳብ ይነሳል። ሐሳቡ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም፣ ገንዘብና ዝግጅት ከሌለው ቅርሱን የሚያጠፋው እሱ ራሱ ነው።

እነዚህ ጀልባዎች ተራ ጀልባዎች አይደሉም። ጆን ሲበርን ዌስት የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1889 በሲምኮ ከተማ ሠራ፤ ከዚያ በኋላ የዌስትና የፒቺ ፋብሪካ 200 ገደማ አመረተ። ታችኛው አካላቸው ጠፍጣፋ፣ አፍንጫቸው ላሜራ የለበሰ፣ ሞተራቸው 20 የፈረስ ጉልበት ያለው የእንፋሎት ሞተር ነበር። ዋናው መሣሪያ ግን ዊንቹ፣ ማለትም ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትተው ማሽን ነው። ጀልባዋ ወደፊት ሄዳ መልህቅ ትጥላለች፤ 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመውን የብረት ገመድ እየለቀቀች ተመልሳ በሰንሰለት የታጠረውን የግንድ ክምችት ታስራለች፤ ከዚያም መቅዘፊያ ጎማዎቿን አላቅቃ ገመዱን ትጠቀልላለች። ነፋስ ከፊት ሲነሳ መቅዘፊያ የማይችለውን ሸክም ዊንቹ ይችለዋል።

ሐይቁ ሲያልቅ ገመዱን ዛፍ ላይ አስረው፣ ከሥሯ ግንድ አንጥፈው ራሷን በየብስ እንድትጎትት ያደርጓታል። ዳገት ላይ ትልቁ አደጋ ቦይለሩ፣ ማለትም ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣው ጋን ነው። ጀልባዋ ስታዘነብል ውሃው ወደ ኋላ ይሸሽና ከእሳቱ በላይ ያለው ብረት ይራቆታል፤ የተራቆተ ብረት ግሎ ይለሰልሳል፣ ይፈነዳል። ዌስት ለዚህ ያበጀው መላ ቦይለሩን በትልቅ ጥርስ ቡሎን እያስተካከሉ፣ ጀልባዋ ብታዘነብልም እሱ ሳያዘነብል አግድም ማቆየት ነበር። ብረቱ ከቦታው ከተነሳ ይህን ብልሃት የሚያነብ አይኖርም፤ ዊንቹ ከቦይለሩ በምን ያህል ርቀት፣ ወደየት ዞሮ እንደተቀመጠ ራሱ ታሪክ ነውና።

እንጨቱስ? እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ እርጥበትም አየርም ይፈልጋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚሞተው ውሃ ከፍና ዝቅ የሚልበት መስመር ነው፤ ሙሉ በሙሉ የሰመጠው ክፍል ረጅም ዘመን ይቆያል። ግን ይህ እንጨት ውስጡ ተበልቶ፣ ቅርጹን የያዘለት ውሃው ብቻ ነው። አውጥተው ፀሐይ ላይ ሲያደርቁት ውሃው እየሸሸ የእንጨቱን ቀዳዳዎች ይጨመድዳቸዋል፤ ጣውላው ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፣ የዛጉት ምስማሮችም ዙሪያቸውን ይበሉታል። በ1961 ከባሕር የወጣችው የስዊድኗ መርከብ ቫሳ ይህ እንዳይደርስባት 17 ዓመት ፖሊኤቲሊን ግላይኮል የተባለ ኬሚካል ሲረጭባት ኖሯል። ያን ወጪ ለማይችል ማኅበር መልሱ ግልጽ ነው፤ እዚያው ይቆይ።

በምትኩ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ከአፍንጫ እስከ ጅራት የመለኪያ ሜትር ዘርግቶ እያንዳንዱን ክፍል ከዚያ መስመር መለካት፤ መለኪያ ዘንግ አጠገቡ አስቀምጦ አንዱ ፎቶ የሌላውን ከግማሽ በላይ እንዲሸፍን እያደረጉ ማንሳት፤ ዕቃ አለማንሳት፣ ቡሎን አለመፍታት። ኦንታሪዮ ውስጥ ያለ ፈቃድ የአርኪዮሎጂ ቦታ መንካት በሕግ የተከለከለ ነው። ሙሉዋን ጀልባ ማየት ለምትፈልጉ፣ በተለይ ቶሮንቶ ላላችሁ፣ በሀይዌይ 60 ምሥራቃዊ በር አጠገብ ባለው የፓርኩ የግንድ ሥራ ሙዚየም «ዊሊያም ኤም» የተባለችው አሊጌተር ቆማለች።