«ጋሼ፣ ነገ ያልቃል»

በቃ! ዛሬም «ጋሼ፣ ነገ ያልቃል» ተባልኩ። ስንተኛው ነገ ነው? መኪናዬ ጋራዥ ከገባች ወር ሊሞላት'ኮ ነው!

ባሌ ሄደን ሳነቲ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ ልናይ ነበር። ላንድክሩዘሯ 30 ዓመት አልፏታል። ጋራዥ ያስገባኋት ለዘይትና ለፊልትሮ ብቻ ነው። መካኒኩ ከሥሯ ገብቶ ወጣና ራሱን ነቀነቀ። (መካኒክ ራሱን ሲነቀንቅ መጀመሪያ የሚደነግጠው ኪስ ነው።) «ፍሪሲዮኑ አልቋል።» ይቀየር። «ባሊስትራው ተሰብሯል።» ተሰብሮ ነው እስከዛሬ ስነዳት የኖርኩት? ይሁን፣ ይቀየር። ራዲያተሩ ተበየደ፤ በማግስቱ በሌላ ጎኑ አፈሰሰ። ኦርጂናል ተብሎ በእጥፍ የገዛሁት የፍሬን ሸራማ ከካርቶኑ በቀር ምኑም ኦርጂናል አይደለም።

እነሱ ግን አያፍሩም። «ጋሼ፣ ቱሉ ዲምቱን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች» ይሉኛል። የባሌ ትልቁ ተራራ'ኮ ነው፣ 4377 ሜትር! ትናንት የጋራዡን በር ያለፈችው በስድስት ሰው ግፊ ነው!

ዛሬ ጠዋት ደግሞ ክሪኳ፣ መኪና ማንሻዋ፣ ጠፋች። ስትገባ'ኮ ነበረች! ማን ወሰዳት? «እንጃ፣ ጋሼ።» ጭራሽ «ከሌላ ቦታ ረስተዋት እንዳይሆን» አለኝ። እኔን!

ቤት ስገባ ልጄ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣለች። «አባዬ፣ ቀበሮዋን ጋራዥ ብናስመጣትስ?»