ፓንትሱላ ከእግር ይጀምራል

አማፒያኖ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ሙዚቃ አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ወጣቶቻችን በቲክቶክ የሚለቁት ጭፈራ ብዙ እርምጃዎቹን የወሰደው ፓንትሱላ ከተባለው የደቡብ አፍሪካ ጭፈራ ነው። ኮፍያው አለ፣ ሸራ ጫማው አለ፣ ፊት ላይ የሚነበበው ኩራትም አለ፤ እግሩ ግን ባዶ ነው። ችሎታ አንሷቸው አይመስለኝም። የጀመሩት ከአለባበሱ ስለሆነ ነው።

ፓንትሱላ የጆሃንስበርግ ጥቁሮች ሰፈሮች፣ የሶፊያታውንና የአሌክሳንድራ ልጅ ነው። በ1950ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው) የሶፊያታውን ወጣቶች ከአሜሪካ ፊልም አለባበስ፣ ከጃዝ ደግሞ ጭፈራ እየቀዱ የራሳቸው አደረጉት። የአፓርታይድ መንግሥት በፌብሩዋሪ 1955 ነዋሪውን በጭነት መኪና እየጫነ ሶዌቶ ውስጥ ወዳለው ሜዶውላንድስ ማፈናቀል ሲጀምር ጭፈራውም አብሮ ተሰደደ። ስሙ የወጣቱም መጠሪያ ነበር፤ በ1970ዎቹ ፓንትሱላ የሚባል ወጣት ውድ ጫማና በደንብ የተተኮሰ ሱሪ የሚለብስ ነበር። የዲኪስ ሱሪ፣ ኦል ስታር ጫማና «ስፖርቲ» የሚሉት ክብ የጨርቅ ባርኔጣ የገነኑት በኋላ፣ በተለይ በ1990ዎቹ ክዋይቶ ከተባለው የታውንሺፕ (የጥቁሮች ሰፈር) የጭፈራ ሙዚቃ ጋር ነው።

እነዚህ ልብሶች ሥራ አላቸው። የኦል ስታር ሶል ጠፍጣፋና ቀጭን ስለሆነ እግር ወለሉን በደንብ ያገኘዋል፤ ሲመታም ድምፅ ያወጣል፣ ድምፁም የምቱ አካል ነው። ወፍራም ሶል ያለው የሩጫ ጫማ ግን ወለሉን ነክሶ ይይዛል። ሰውነት ሲዞር ጫማው አልዞር ስለሚል ጥምዘዛው ጉልበት ላይ ያርፋል። ሱሪው ሰፊ የሆነው ጉልበት እንደልብ እንዲታጠፍ፣ ከቁርጭምጭሚት በላይ የሚያልቀውም እግር እንዲታይ ነው፤ ጠባብ ጂንስ ሁለቱንም ይከለክላል። ቀጭኑ ሶል በበኩሉ ጉዳት አለው፤ ኮንክሪት ላይ ለረጅም ሰዓት የተለማመደ ሰው ቅልጥሙን ያመዋል። ወፍራም ገበር መጨመር የወለሉን ስሜት ያጠፋል፤ ይልቅ ባትን አስቀድሞ ማሟሟቅና ልምምዱን ማሳጠር ይሻላል። ሴራሚክ ያንሸራትታል፣ ምንጣፍ ድምፅ ይውጣል፤ ደረቅ ሊሾ ጥሩ ነው።

አቋሙ እንዲህ ነው፦ ጉልበት ይታጠፋል፣ ክብደት ከእግር ጣቶች ሥር ባለው ክፍል ላይ ያርፋል፣ ተረከዝ መሬት ቢነካም ክብደት አይሸከምም። ክብደቱ ተረከዝ ላይ ከወደቀ ቀጣዩ እርምጃ ይዘገያል፤ ጨፋሪው ለመድረስ ሲል መዝለል ይጀምራል። ይህን ለማወቅ ጭንቅላቱን ማየት ይበቃል፤ ከፍ ዝቅ ካለ ጉልበቱ ቀጥ ብሏል።

እስክስታ ይዞ ያደገ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ምቱን በትከሻው መቀበል ለምዷል፤ ፓንትሱላ ደግሞ ደረት ረጋ ብሎ እግር እንዲናገር ይፈልጋል። የጉራጌ ጭፈራ የሚችል ግን ፈጥኖ ይይዘዋል ብዬ አምናለሁ፤ እግሩ ፍጥነት ያውቃል። ትከሻው እንቢ ላለው ጀማሪ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ አንዱን እርምጃ ያለሙዚቃ፣ በዝግታ፣ እስከ ስምንት እየቆጠረ ይደጋግመው። ሙዚቃው የሚመጣው እግሩ ሳይደናበር በሁለቱም አቅጣጫ መሄድ ሲችል ነው። በቡድን ሲሠራ መሪው በፊሽካ ለውጡን ስለሚያሳውቅ፣ ፊሽካውንም ከመጀመሪያው ማስገባት ይጠቅማል።

ከቪዲዮ ብቻ እንማረዋለን ለሚሉ በ2011 የሆነውን ላስታውስ። አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቢዮንሴ ቶፎ ቶፎ የተባሉትን የሞዛምቢክ ጨፋሪዎች የፓንትሱላ እርምጃ በኢንተርኔት አይታ ወደደችው። አሠልጣኞቿ ከቪዲዮው ሊቀዱት ቢሞክሩም አልሆነላቸውም፤ በመጨረሻ ጨፋሪዎቹን ራሳቸውን አሜሪካ ድረስ አስመጥተው ከእነሱ ተማሩ። ያን ያህል አቅም ያለው ቡድን ያቃተውን የኛ ልጆች በስልክ መስታወት ብቻ ይወጡታል ብሎ መጠበቅ ተገቢ አይደለም። የዳንስ ትምህርት ቤቶቻችን ለአልባሳት ከሚያወጡት ቀንሰው ከታውንሺፕ አንድ አሠልጣኝ ለጥቂት ሳምንታት ቢያስመጡ ይሻላል። ጆሃንስበርግ ውስጥ ቀድሞ ጄፔ ይባል በነበረው ጎዳና ላይ ልብስና ጫማ የሚነግዱ ብዙ ኢትዮጵያውያን አሉ፤ አሠልጣኙን አፈላልጎ ለማገናኘት ከእነሱ የቀረበ የለም።

እስከዚያው ቪዲዮ የምትለቁ ልጆች ፓንትሱላ መሆኑን በስሙ ጻፉት፤ ካሜራውንም ዝቅ አድርጉ። ከወገብ በላይ ከተቀረጸ የሚታየው ኮፍያው ብቻ ነው።