ማስተካከያ፦ ወይፈንን ከመሸጥ በፊት ስለማኮላሸት

ባለፈው ጽሑፌ «ወይፈኑን ከሽያጭ አንድ ሳምንት በፊት አኮላሹት፤ የላስቲክ ቀለበት ለየትኛውም ዕድሜ ይሆናል» ብዬ ነበር። ሁለቱም ስህተት ነው። ያረምኩት የእንስሳት ሕክምና መማሪያ መጻሕፍትን መልሼ በማየትና አንድ የእንስሳት ሐኪም በመጠየቅ ነው።

የቆለጡን ከረጢት አንገት አጥብቆ ወደ ቆለጡ የሚሄደውን ደም የሚያቆመው ትንሹ የላስቲክ ቀለበት የሚያገለግለው ገና በተወለደባቸው ሳምንታት ላለ ጥጃ ነው። ቆለጡ ባደገ ወይፈን ላይ የደሙን ዝውውር በሚገባ አያቆምም፤ እብጠትና ረጅም ሥቃይ ያስከትላል። የቴታነስ (መንጋጋ ቆልፍ) አደጋም አለ፤ ክትባቱ ደግሞ በዕለቱ ስለተሰጠ ወዲያው አይከላከልም። ለትልቅ ወይፈን ቡርዲዞ (ቆዳውን ሳይቆርጥ የቆለጡን ገመድ የሚጨፈልቅ መቆንጠጫ) ወይም ቀዶ ሕክምና ይሻላል፣ ያውም በማደንዘዣና በሐኪም እጅ።

የሳምንቱ ነገር ይብሳል። ትልቅ ወይፈን ከተኮላሸ በኋላ መብላት ይቀንሳል፣ ክብደቱም ይወርዳል፤ ቁስሉ እስኪሽር ሳምንታት ይፈጃል። ያልሻረ ቁስል ይዞ ገበያ የወጣ ከብት ዋጋ ይጥላል እንጂ አይጨምርም። ኮርማ ሲገዛ ዋጋ የሚቀንስ ገዥ የሚቀንሰው ይህንኑ ጣጣ ራሱ ስለሚሸከም ነው። ስለዚህ ሽያጩ ከደረሰ እንዳለ መሸጥ፣ ጊዜ ካለ ግን አኮላሽቶ ሙሉ በሙሉ እስኪያገግም ማቆየት። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን እመርጣለሁ።

ምክሬን ሰምቶ ቀለበት ያሰረ ካለ ሽያጩን ያዘግይ፤ ዛሬውኑም ለሐኪም ያሳይ። የእግር መገተር ወይም የመንጋጋ መቆለፍ ካየ አንድ ሰዓትም አይጠብቅ።