ጎጃም ባሕር ዳር ብቻ አይደለም

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር ስለሚደረገው በረራ ያወጣችሁት ጽሑፍ ከቦሌ እስከ ባሕር ዳር በአየር 330 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በረራውም አንድ ሰዓት ገደማ እንደሆነ ይገልጻል። ልክ ነው። በሰዓት ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚበር አውሮፕላን ለምን በግማሽ ሰዓት አይደርስም የሚል ካለ፣ መንደርደሩ፣ ሽቅብ መውጣቱና ፍጥነት ቀንሶ መውረዱ ጊዜ እንደሚወስዱ ያስብ።

ነገር ግን እኛ በሌሎቹ የጎጃም ከተሞች የምንኖረውስ? በደጀን በኩል ያለው የመኪና መንገድ 560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ደብረ ማርቆስ መካከል ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ 300፣ ከባሕር ዳር 265 ኪሎ ሜትር ገደማ። የማርቆስ ሰው በአውሮፕላን ባሕር ዳር ቢወርድ፣ ከአዲስ አበባ በመኪና ከሚመጣበት ብዙም የማያንስ መንገድ ይጠብቀዋል። ለደጀን ሰውማ ጭራሽ አይታሰብም! ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ዓባይ በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ያንን ዳገት መውጣት ግድ ነው። አውሮፕላኑ ሸለቆውን በደቂቃዎች ያልፈዋል፤ ከፊቱ የጭነት መኪና የገጠመው አውቶቡስ ግን እየተንፏቀቀ ይወጣል። ሕመምተኛ ይዞ የተጓዘ ያውቀዋል።

እባካችሁ በሚቀጥለው ጽሑፍ ከቤት እስከ ቤት ያለውን ጊዜ አስሉልን፤ የፍተሻውን ሰዓት፣ ከባሕር ዳር እስከ ቡሬ፣ ሞጣና ቢቸና ያለውንም መንገድ ጨምራችሁ።