ልጅቱን ለምን አላስጨረስናትም?

የኮምቦልቻና የደሴ ወገኖቼ፣ በቅርቡ ኮምቦልቻ ውስጥ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተዘጋጀው ውይይት ላይ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ አንዳንዶቻችሁም እንደኔው አዳራሹ ውስጥ ነበራችሁ። ነገሩ እስካሁን እንደ ቀልድ እየተነሣ ይሳቅበታል እንጂ ነውር ነው ሲባል አልሰማሁም። እኔ ይቅር ልለው ስላልቻልኩ ይህን እጽፍላችኋለሁ።

ከተናጋሪዎቹ ሁሉ በዕድሜ የምታንሰው የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ የሆነች ልጅ ነበረች። ከእርሷ በፊት መድረኩ ላይ የወጡት በሙሉ ማሽኑ ያመጣል ስለሚባለው ሀብት ሲያወሩ፣ እርሷ የመረጠችው ማሽኑን እየሠሩና እያጠኑ አደጋውን አስቀድመው ስለተናገሩ ሰዎች ማስረዳትን ነው። የጀመረችው በጆሴፍ ዋይዘንባም ነበር። ዋይዘንባም እ.ኤ.አ. በ1966 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ኤላይዛ የተባለ፣ ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም ይፋ ማድረጉን፣ ፕሮግራሙ የተጻፈለትን ዐረፍተ ነገር አዙሮ ጥያቄ ከማድረግ ብዙም ያለፈ ብልሃት እንዳልነበረው፣ ሲሠራው ስታይ የከረመችው የገዛ ጸሐፊው ግን ከኤላይዛ ጋር ጥቂት እንደተነጋገረች እርሱን ከክፍሉ እንዲወጣላት መጠየቋን ተረከችልን። ሰው ለማሽን ልቡን በዚህ ፍጥነት መክፈቱ ያስደነገጠው ዋይዘንባም በ1976 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ርኅራኄና ጥበብ የሚጠይቅ ፍርድ ለኮምፒውተር ሊሰጥ አይገባም ሲል ተከራከረ። አዳራሹ ጸጥ ብሎ ሰማት።

ቀጥላ ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ተመራማሪዋ ወደ ትምኒት ገብሩ አለፈች። አዲስ አበባ ተወልዳ ማደጓን ተናግራ ሳትጨርስ፣ ከመካከለኛው ረድፍ አንድ ጎልማሳ እጃቸውን እንኳ ሳያወጡ ተነሡና «ቆይ እስቲ፣ ይቺ ሴትዮ ዘሯ ከወዴት ነው?» አሉ። ልጅቱ በትሕትና «ጋሼ፣ ጥናቷን ልንገርዎትና ከዚያ ይጠይቁኝ» ብትላቸው፣ «መጀመሪያ የማን እንደሆነች እንወቅ» ብለው መለሱላት። ሳቅ ሆነ። ከኋላ ሌላ ሰው «የእነሱን ወሬ ልትሰብኪን ነው የመጣሽው?» ሲል ደግሞ ተጨበጨበ። መድረክ መሪው ሥርዓት ያስከብራል ብለን ስንጠብቅ፣ ሰዓቷ እንዳለቀ ነግሮ ድምፅ ማጉያውን ተቀበላት። ሰዓቷ እንዳላለቀ ሁላችንም እናውቅ ነበር። ወርዳ ስትቀመጥ አጠገቧ የነበሩ እናት «አብሽሪ ልጄ» አሏት፤ ከዚያ ሁሉ ሕዝብ የወጣ መልካም ቃል ይኸው አንዱ ነው። የቀረነው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ሻይ ልንጠጣ ተነሣን።

ምን ሆነን ነው? ዋይዘንባም እኮ በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1936 ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ጀርመንን ጥሎ የተሰደደው፣ የናዚ መንግሥት የሰውን አያት እየቆጠረ ዜግነቱን ይነጥቅ ስለነበር ነው። የእርሱ ታሪክ ሲነገር ዘሩን የጠየቀ አልነበረም። የሩቁን ሰው በሥራው መዘንነው፤ የራሳችንን አገር ልጅ ግን ሥራዋን ሳንሰማ በደሟ ፈረድንባት። ያውም ወሎ ላይ፣ ገብረ ሥላሴ የሚባል አባትና ሙሐመድ የሚባል አጎት በአንድ ማዕድ በሚቀመጡበት፣ እንግዳ ዘሩ ሳይጠየቅ ቡና በሚቀርብለት አገር!

ቁስላችንን ረስቼ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 መገባደጃ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሞተብንን ሰው፣ የተዘረፈብንን ንብረት አውቃለሁ፤ በዚያ ሰሞን ማን ምን ጻፈ የሚለው ቂምም ከብዙዎቻችን ልብ እንዳልወጣ አውቃለሁ። ትምኒት ስለ ጦርነቱ የተናገረችውን የማይቀበል ሰው ተነሥቶ «በዚህ አልስማማም» ቢል መብቱ ነበር። ጎልማሳው የጠየቁት ግን ምን እንዳለች አይደለም።

ኋላ ልጅቱን ወረቀቷን ለምኜ አነበብኩት። ልትነግረን የነበረው እ.ኤ.አ. በ2018 ጆይ ቡኦላምዊኒና ትምኒት ስላሳተሙት ጥናት ነው። ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ የሦስት ኩባንያዎች ሥርዓቶችን ሲመረምሩ፣ ቆዳቸው ፈካ ባለ ወንዶች ላይ ስሕተቱ ከ0.8 በመቶ ሳይበልጥ፣ ቆዳቸው ጠቆር ባለ ሴቶች ላይ እስከ 34.7 በመቶ ደርሶ አገኙት። ለፋይዳ መታወቂያ ፊታችንን፣ አሻራችንንና የዓይናችንን ምስል ለሰጠን ሰዎች ይህ የሩቅ ወሬ ነው? የእነዚያ «አብሽሪ» ያሉ እናት ፊት ከየትኛው ወገን ይመደባል? የሳቅነው በእነዚያ እናት ጉዳይ ላይ ነው።

ቀጥሎ ያለው ገጽ የበለጠ አሳዘነኝ። ትምኒት፣ ኤሚሊ ቤንደርና ባልደረቦቻቸው ግዙፍ የቋንቋ ሞዴሎች፣ ማለትም ብዙ ጽሑፍ አንብበው መጻፍ የሚማሩ ፕሮግራሞች፣ ከኢንተርኔት ያገኙትን ጽሑፍ ትርጉሙን ሳይረዱ እንደ በቀቀን እንደሚደግሙ፣ በውስጡ ያለውን ጥላቻም አብረው እንደሚወርሱ ጽፈው ነበር። ትምኒት ትሠራበት የነበረው ጎግል ጽሑፉ እንዲነሣ ወይም የሠራተኞቹ ስም እንዲወጣለት ጠየቀ፤ በዚሁ ውዝግብ ትምኒት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2020 ከኩባንያው ወጣች፤ እርሷ ተባረርኩ ስትል ኩባንያው ራሷ ለቀቀች ይላል። ጽሑፉ በ2021 ታተመ። እንግዲህ አስቡት፤ ማሽኑ አማርኛ የሚማረው እኛ ከጻፍነው ነው። በየማኅበራዊ ሚዲያው ያከማቸንለት ምን ዓይነት አማርኛ ነው? «ዘሯ ከወዴት ነው» የሚለው ጥያቄ በስንት መልክ ተጽፎ ይጠብቀዋል?

የመጨረሻው ገጽ ስለ አበባ ብርሃኔ ነበር፤ እርሷም ኢትዮጵያ ተወልዳ አየርላንድ የምትሠራ ተመራማሪ ናት። በ2020 ከቪናይ ፕራብሁ ጋር 80 ሚሊዮን ገደማ ጥቃቅን ምስሎች የያዘ የማሽን ማሠልጠኛ ስብስብ መርምራ፣ ሰዎችን በዘረኛና ሴቶችን በሚያዋርዱ ስድቦች እንደሚሰይም አጋለጠች። ስብስቡ የዚያው የማሳቹሴትስ ተቋም ነበር፤ ተቋሙም ይቅርታ ጠይቆ አነሣው። እነርሱ ስድቡን ሲነገራቸው አነሡት፤ እኛ ነጋሪዋን አስቀመጥናት።

ጎልማሳውን አላውቃቸውም፤ ክፉ ሰው ናቸው ብዬም አልፈርድባቸውም። ምናልባት በዚያ ዘመን ልጅ ቀብረው ይሆናል። አዘጋጆቹ ለልጅቱ ሌላ ቀን እንዲይዙላት ጠይቄያለሁ፤ ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጡኝም፤ ስለለመድኩት ብዙም አልጠብቅም። እርሷም ብትጠራ እንደምትመጣ ቃል አልገባችልኝም፤ ስለ አበባ የጻፈችውን ክፍል ግን እያሰፋችው እንደሆነ ነግራኛለች። ቀኑ ከተቆረጠ እባካችሁ ኑ። ጎልማሳውም ይምጡ፤ እስክትጨርስ ይታገሷትና እጃቸውን አውጥተው ስለ ጥናቱ የፈለጉትን ይጠይቋት፤ መልስ አላት።